ነጭ ቀሚስ ላይ የፈሰሰው ቲማቲሜ

ይህ የሆነው በዘንድሮው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እስካሁን አውቶብስ በተሳፈርኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ከቦኖሻ ከተማ ወጣ ብሎ ባለች ማሳዬ በሞተር ውሃ እየሳብኩ ቲማቲም አመርታለሁ። አንድ ደላላ "አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ፣ ለማንም እንዳትሸጥ" ብሎኝ ስጠብቅ ገበያው ወረደና ስልኩን አጠፋ። ቲማቲሙ ተክሉ ላይ እንዳለ ከልክ በላይ በሰለ፤ ዝናብ ሲመታው ይሰነጣጠቅ ጀመር። ቢቸግረኝ የተረፈውን በሳጥን ሞልቼ ሆሳዕና የሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት።

መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው። ረዳቱ ደግሞ በሳጥኖቹ ላይ የሰው ጆንያ ደርቦባቸዋል። መንገድ ስናጋምስ ከፊቴ "ኧረ ምንድን ነው ይሄ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ቀይ ውሃ በመስኮት እየገባ በአንዲት እናት ነጭ ቀሚስ ላይ ይንጠባጠባል። ኋላ እንደሰማሁት፣ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ሊያዩ ነበር የሚሄዱት።

"የማን ዕቃ ነው?" ረዳቱ ጮኸ።

"የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

ተሳፋሪው ተነሳብኝ። አንዱ "አውርደህ ገደል ክተተው!" አለ። ሌላው "የበሰበሰ ይዞ ለሰው ሊያበላ!" አለ። ይኼኛው አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ውሸት ነው ማለት አልቻልኩማ። ሴትየዋ ብቻ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከመስኮቱ ራቅ አሉ።

መናኸሪያ ስንደርስ አንድ ካፌ ደጃፍ ላይ ቀሚሳቸውን በውሃ አሹት። ቀዩ ይብስ ሰፋ እንጂ አልለቀቀም። ይቅርታ ልጠይቅ ተጠጋሁ። ጃኬቴን አውልቄ ዘረጋሁላቸው፤ እንዲሸፍኑበት ብዬ። ወዲያው ቲማቲሙ ላይ የምረጨው የተባይ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ልመልሰው ስል ያዙት።

"ይሸታል እናቴ፣ የማሳ ልብስ ነው" አልኩ።

"አውቀዋለሁ ልጄ። እኛም ጎመን እንተክላለን። ልጅቷን ያስተማርናት በዚሁ ሽታ ነው።"

እጅጌዎቹን ወገባቸው ላይ ቋጥረው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም።

ቲማቲሙን ለቅሜ ደህናውን በወረደ ዋጋ ሸጥኩት፤ የቀረው ለከብት ሆነ። ኪሳራውም፣ የደላላው ክህደትም፣ ስድቡም እየቆየ ወጣልኝ። ያቺ ልጅ ጋውን ለብሳ ፎቶ ስትነሳ፣ ከጎኗ የኔን ጃኬት ታጥቀው የቆሙት እናት በዓይኔ ሲመጡ ግን፣ ማንም በሌለበት ማሳ መሐል ሆኜም አንገቴን እደፋለሁ።