ጋሼን ማን ይፈትሻል?

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ማማ አልወጣሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በረዳት ቴክኒሺያንነት ተቀጥሬ፣ ግዙፍ ተርባይን ሥር ቆሜ፣ ቀኑን ሙሉ ሃርነስ ሳስርና ስፈታ ዋልኩ። ሃርነስ ማለት ትከሻን፣ ደረትንና ሁለቱን ጭኖች አንድ ላይ የሚይዝ የደህንነት ቀበቶ ነው። ስመለስ ጓደኞቼ "ከላይ አገሩ እንዴት ይታያል?" ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ቀበቶ አስተሳሰር አወራኋቸው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ወጣሁ፣ ወረድኩ። ከረዳትነት ቴክኒሺያን፣ ከቴክኒሺያንነት የቡድን መሪ ሆንኩ። የማርሽ ሳጥን ዘይት ቀይሬያለሁ፤ በገመድ ተንጠልጥዬ የተሰነጠቀ ክንፍ ጠግኛለሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ አሠልጣኝ ሆንኩ። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባም ያመጣኝ ይኸው ነው።

የጁባ ነፋስ እንኳን ተርባይን ሊያዞር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝም በቅጡ አያወዛውዝም። ግን ከተማዋ የቴሌኮም ማማ ሞልቷታል፤ ከፍታ የለመዱ ሠራተኞችም አሏት። እኔን የቀጠረኝ ኮንትራክተር እነዚህን ማማዎች የሚተክል ነው። ጎረቤት አገር ላለ የነፋስ ፕሮጀክት ቴክኒሺያን እንዲያቀርብ ውል ሲያገኝ፣ ሸሪካት በሚባለው የጁባ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ የልምምድ ማማ አቆምን።

ትምህርቱ አጭር ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ ከባድ ዕቃ አነሳስ፣ ከፍታ ላይ መሥራት፣ በመጨረሻም ከላይ የተጎዳ ሰው ማውረድ። ይህን ያለፈ በረዳትነት ይቀጠራል። ጎበዝ ከሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ክንፍ ጠጋኝ ወይም የቡድን መሪ ይሆናል፤ የትም አገር ቢሄድ ሥራ አያጣም። ለአንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ከዚህ የተሻለ በር ብዙ አላየሁም።

ከሠልጣኞቼ መካከል አቾል አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ያደገች፣ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጁባ የተመለሰች የሃያ ስድስት ዓመት ኤሌክትሪሺያን ናት። ሁለት ድርጅቶች "ማማ የሴት ሥራ አይደለም" ብለው መልሰዋታል። በመጀመሪያው ቀን ስሟን ስመዘግብ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ሦስተኛዬ ነው። አራተኛ የለም" አለችኝ። እኔም ከልቤ ወደድኳት። አንዴ ያሳየኋትን ሁለተኛ አትጠይቅም።

በሙያችን ከመውጣት በፊት የባልደረባ ፍተሻ የሚባል ነገር አለ። አንዱ የሌላውን ሃርነስ ማያያዣ በየተራ በእጁ ይዞ ይጎትታል። በዓይን አይቶ ማለፍ አይፈቀድም፤ ያልተቆለፈ ማያያዣ የተቆለፈ ሊመስል ይችላልና። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ እየተጎታተቱና እየተሳሳቁ ይሠሩታል። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ሁሉም ሁለት እርምጃ ርቀው ይቆሙና "ጋሼ ኩወይስ፣ ካላስ" ብለው ያልፋሉ። በጁባ ዓረብኛ "ደህና ነው፣ አለቀ" ማለታቸው ነው። በእኛም ሆነ በእነሱ ወግ ታላቅን ሰው ጭኑ ላይ ይዞ መጎተት ነውር ነው። እኔም ስቄ አልፋቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር መከበሬ ደስ ይለኝ ነበር።

የፈተናው ቀን የአቾል ተጎጂ እኔ ነበርኩ። ከላይ ራሱን የሳተ ሰው ሆኜ እንጠለጠላለሁ፤ እሷ ታወርደኛለች። ሃርነሴን ስለብስ ስልክ ተደወለ። ውሉን የሰጠን የነፋስ ፕሮጀክት ወኪል ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እያወራሁ አሰርኩ። አቾል ከራስ እስከ እግሬ ተመለከተችኝ፤ ዓይኗ አንዴ ግራ ጭኔ ላይ ቆመ። ከዚያ "ጋሼ ኩወይስ" አለች። ወጣን።

ከላይ መንጠቆዬን ከማማው ጋር አያይዤ ራሴን ለቀቅኩ። የግራ ጭኔ ቀበቶ ተከፈተ። ሰውነቴ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ የደረቱ ቀበቶ ጉሮሮዬ ሥር መጣ። በአንድ እጄ መወጣጫውን ያዝኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ልጆቼ ናቸው ዓይኔ ላይ የመጡት።

አቾል በጉልበቷ ከመወጣጫው ጋር አጣብቃ ያዘችኝ፤ መሬት ላይ ልትነካው ያፈረችውን ማያያዣ በእጇ ስባ ቆለፈችው። ከዚያ የማውረጃ መሣሪያውን አያይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችኝ። ካየኋቸው የነፍስ ማዳን ሥራዎች ሁሉ የእሷ ይበልጣል።

መሬት ስነካ ቁጭ አልኩ። "አይተሽው ነበር?" አልኳት።

"አይቼዋለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሆን ብለው የተዉት መሰለኝ። ደግሞ በሰው ፊት የአባቴን እኩያ 'ተሳስተዋል' ልበል? መሌሽ፣ ጋሼ።" ይቅርታ ማለቷ ነው።

የፈተናው ቅጽ ላይ ፍተሻው ራሱን የቻለ መስመር አለው። እሱን የወደቀ ሁሉንም ወድቋል። ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ዳዊት ቢሮው ጠርቶኝ ወደ ፕሮጀክቱ የሚሄዱትን ሠልጣኞች ስም ዝርዝር ፊቴ አስቀመጠ።

"ሰኞ ይበራሉ" አለኝ። "ስሟ እዚህ ከሌለ ቦታዋን ሌላ ይወስደዋል። አንተ ረስተህ፣ ነፍስህን አትርፋልህ፣ እሷን ትጥላታለህ?"

"እዚያ ስትሄድ ከእኔ ይበልጥ የሚከበር አለቃ ያጋጥማታል። ያኔም ዝም ካለች?"

"ሌላ ማን አየ?"

"እኔ አይቻለሁ፣ ኢንጂነር።"

"ወድቃለች" ብዬ ፈረምኩ። ከሥሩ የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ሃርነሱን ሳይቆልፍ የወጣ፣ ፍተሻውንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓይን ብቻ ሲያሳልፍ የኖረ፣ እንደገና እስኪሠለጥን ድረስ መፈተን የማይገባው አሠልጣኝ ብዬ። ዳዊት አንብቦ ወረቀቱን ወረወረው፤ ቆይቶ ግን ፈረመበት።

ለአቾል ራሴ ነገርኳት። "እስከ ዛሬ ሴት ነሽ ብለው ነው የመለሱኝ" አለች። "እርስዎ ደግሞ ስላከበርኩዎት።" ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች፤ ተመልሳ የምትመጣ አልመሰለኝም ነበር።

ከወራት በኋላ ሁለተኛው ዙር ሲከፈት መጣች። ሰላም ያለችኝ እንደ ማንኛውም ሰው ነው። የፈተናት ከናይሮቢ የመጣ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። እኔ ከአጥሩ ዳር ቆሜ አየሁ። እያንዳንዱን ማያያዣ ያዘች፤ የጭኑን ቀበቶ ስትጎትተው ሰውየው ተንገዳገደ። "ጠማማ ነው። ፈትተው እንደገና ይልበሱት" አለችው። ሰውየው ሃርነሱን ገልብጦ አየ። ምንም ጠማማ ነገር አልነበረውም። ቢሆንም ፈትቶ እንደገና ለበሰው፤ ደፍራ በመናገሯም አሳለፋት።

ዛሬ የነፋስ ተርባይን ማማ ላይ ትሠራለች። አትደውልልኝም፤ አልፈርድባትም። የፈረድኩት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዝምታዋን ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ፤ ዕዳውን የከፈለችው እሷ ናት። ይህን የምታነቡ አሠልጣኞች፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከሠልጣኞቻችሁ አንዱ እንኳ በፊታችሁ "ተሳስተዋል" ካላላችሁ ማማ አታውጧቸው።