የሰማዕቱ ፈረስ ጀርባ

ከቢቸና የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና የደጀኑ መኪና ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጄን ይዛ፣ «ሰማዕቱ ጊዮርጊስ፣ ልጄን በሰላም ካስገባህልኝ ከቢቸና ሞጣ ደጅህ ድረስ በእግሩ ይመጣል» ብላ ተሳለች። ተሳዪዋ እሷ፣ እግሩ የኔ። እኔም አሜን አልኩ፤ በዚያ ሰዓት አሜን የማልልበት ነገር አልነበረም።

በረሃውንም ባሕሩንም አልፌ ጀርመን ገባሁ። «ዱልዱንግ» የሚሉት ወረቀት ሰጡኝ፤ ለጊዜው አናባርርህም እንደማለት ነው። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ክረምት ዘንቦ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። እናቴ በተገናኘን ቁጥር «ስለቱስ?» ትለኛለች። ቢጨንቀኝ የስደተኞች ቢሮ ሄድኩ።

«አገሬ ለሁለት ሳምንት ደርሼ ልምጣ?» አልኳት ሠራተኛዋን።

«መሄድ ትችላለህ።»

«መመለሱስ?»

«እሱን አትችልም። ለመሆኑ ሄደህ ምን ልታደርግ ነው?»

«በእግሬ ልጓዝ።»

ቀና ብላ አየችኝና «እዚህም መንገድ አለ» አለች።

እውነቷን ነው። አብሮኝ ሳህን የሚያጥብ ሶርያዊ ስልኩን አሳየኝ። ሰዎች ጂፒኤስ ከፍተው በከተማው ሲዞሩ የሄዱበት መስመር ካርታው ላይ ውሻ ወይ ብስክሌት ሆኖ ይወጣል። እኔም ከቢቸና ሞጣ ያለውን ያህል ኪሎ ሜትር ተጉዤ የሰማዕቱን ፈረስ ልሣል አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን እግሮቹንና ሆዱን ጨረስኩ። በማግስቱ ራሱን ጨርሼ አንገቱ ላይ ስደርስ ዝናቡ መጣ፣ ተረከዜም ተላጠ። ትራም የሚሉት የከተማ ባቡር ፊቴ ቆመ፣ ገባሁ። ቢቸና ያላችሁ ይህን ለእናቴ እንዳታነቡላት፣ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ከአንገቱ እስከ ጭራው የሄድኩት በትራም ነው። ስልክ እግርና መኪና አይለይም። ከፈረሱ ሁሉ ያማረውም ጀርባው ነው።

ሥዕሉን ለእህቴ ላክሁትና ደውዬ ስለቱን እንዲህ አደረስኩ አልኳት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ እልል አለች።

«ሁሉንም በእግርህ ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ተረከዜ እስኪላጥ።»

መላጡ እውነት ነበር፤ ውሸቱን ያጣፈጥኩት በሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ስደውል «ሞጣ ነኝ» አለችኝ።

«ምን ልትሠሪ?»

«ስለትህን ላደርስ ነዋ። የነፍስ አባታችን፣ ሥዕሉ ደጁ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው አሉኝ። አሳትሜ ይዤልህ መጣሁ።»

«በመኪና ነው የመጣሽው?»

«ሚኒባሱማ ቆሞልኝ ነበር፣ እናቴ ይግቡ ብሎ። ልጄ በእግሩ የሄደውን እኔ በመኪና? ሂድ አልኩት። የእግዜር እንግዳ እያልኩ ሰው ቤት እያደርኩ በሦስተኛው ቀን ገባሁ።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ልነግራት አፌን ከፍቼ «እግርሽስ?» የሚል ብቻ ወጣኝ።

«የኔስ ይሻለዋል። ያንተ ተረከዝ ዳነ ወይ?»

«ድኗል» አልኳት።