መስታወት ያለው ካሜራና የሌለው፤ ለማሞ ልጅ ሠርግ ጨንቻ ወጥቼ የተመለስኩበት

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሲቀላ መናኸሪያ

ወደ ጨንቻ የወጣሁት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው የወዳጄን የማሞን ልጅ የመሠረትን ሠርግ ለማንሳት ነው። ማሞ ታሟል፤ ጉበቱ ነው። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ የነገሩትን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በስልክ ያለኝ እንዲህ ነው፦ «ቶማ፣ ሌላው ሠርግ እንደፈለገ ይሁን። መሠረትን ስመርቃት የሚነሳውን ፎቶ ግን አደራ። ፊቴ በደንብ ይታይ። ልጅቷ የሚቀርላት እሱ ነው።» የማሞን የራሱን ሠርግ በፊልም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ የሁለታችንም ጥርስ ሙሉ ነበር።

ሁለተኛው ክርክር ነው። ህይወት የምትባል ፎቶ አንሺ አለች። እኔ ስቱዲዮ ስድስት ዓመት ሠርታ አሁን ሴቻ ሰፈር የራሷን ከፍታለች። እኔ የምሠራበት ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት ያለው ነው፤ ዲኤስኤልአር ይሉታል። በመመልከቻው ቀዳዳ ስታይ ብርሃኑ በመስታወቱ ዞሮ ሰውየውን ራሱን ያሳይሃል። ስትጫነው መስታወቱ ይነሳና ቀጭ ይላል። እሷ የገዛችው መስታወት የሌለውን ነው፤ ሚረርለስ። ድምፅ የለውም። በቀዳዳው የሚታየውም ትንሽ ስክሪን ነው። «ጋሼ፣ የርስዎን ይሽጡና ይህን ይግዙ፤ የሠርግ ሥራ አሁን በዚህ ነው» ማለት ከጀመረች ዓመት አለፋት። እኔም ለማሞ ልጅ ሠርግ ሁለተኛ ሰው ስላስፈለገኝ «ይዘሽው ነይ፤ አንዱን ሠርግ በሁለቱ እንሥራና ይለይልን» አልኳት።

ይህን የምጽፈው «የቱን እንግዛ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ የሙያ ጓደኞቼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። የጽሑፍ ማማር አትጠብቁብኝ።

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነቃነቅም። ጣሪያው ላይ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ ሙዝ ይጭናሉ። በዚህ መንገድ ሙዝ ይወጣል፣ ፖም ይወርዳል። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ በሰው ሁለት መቶ ብር አለ።

«ታሪፉ ይህ ነው?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ታሪፉ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ወረቀቱ ደግሞ እቤት ነው።»

ሰው ሳቀ። «ሻንጣዋስ ትከፍላለች?» አለኝ ደግሞ።

«ጭኔ ላይ ናት፤ አታይም?»

«እንግዲያው ጭንዎ ይከፍላል።»

ከፈልኩ፤ የሻንጣዋን ግን አልከፈልኩም።

ዳገቱ

ከከተማ ስንወጣ አባያ ሐይቅ በቀኝ ነው፤ ውሃው እንደ ሁልጊዜው ቀይ ጭቃ ይመስላል። ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ከታጠፍን በኋላ ዳገት ነው። ሙቀቱ እየቀረ፣ ሙዙ እየቀረ፣ እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል። ዶርዜ ሳንደርስ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ስለጋለ ቆሙና ውሃ ጨመሩበት። እኛም ወረድን። ከዚያ ቦታ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፤ ጫሞ ከኮረብታው ጀርባ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል።

ህይወት ካሜራዋን ሰጠችኝ። «እስኪ ይዩበት።»

አየሁ። አንዲት ቁልፍ ነካች፤ የሩቁ ቀረበ፣ ጎላ፣ ደመቀ። የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ አንድ በአንድ አየሁት። በራሴ ካሜራ ከደቂቃ በፊት ወደዚያው ሳይ ጭጋግ ነበር። የሐይቁ እንፋሎት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ጭጋጉ ከየት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

«ቴሌቪዥን ነው» ብዬ መለስኩላት። «እኔ ማየት የምፈልገው ሰውን ነው።»

«ቴሌቪዥኑ የተበላሸውን ሳያነሱት በፊት ያሳይዎታል፤ ጨለማ ከሆነ ጨለማ፣ ከነጣ የነጣ። ፎከሱም ራሱ ሄዶ የሰውየውን ዓይን ይይዛል።»

«ዓይን ፈልግልኝ የሚለው ዓይን የሌለው ነው።»

«አይ ጋሼ!» ብላ ሳቀች። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ጨንቻ

ጨንቻ ስንደርስ ጉም ነበር። ጃኬቴን ቆልፌ ከገበያው በታች ወዳለው ወደ ማሞ ቤት በእግር ወረድን። አጥሩ ቀርከሃ፣ ጓሮው እንሰት፣ ከበሩ አጠገብ አራት የፖም ዛፍ። ትኩስ ቆጮ በቅቤና በዳጣ አቀረቡልን፤ ዳጣው እንባ ያስመጣል። ማሞን ሳየው የመጣውን እንባ ግን በዳጣው አላሳበብኩም። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ሰውነቱ ጋቢው ውስጥ ጠፍቷል።

«አረጀህ» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ወጣት ሆነሃል!» አልኩት።

«እኔማ ልሄድ ነው፤ ማርጀቱ ላንተ ይቅር። ስማ፣ ያን መብረቅህን አታብራብኝ። ዓይኔን ይወጋኛል።» ፍላሹን ማለቱ ነው። ቃል ገባሁለት።

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። እስከ ስድስት ሰዓት ህይወት ሦስተኛ ባትሪዋን ከታለች። እኔ ጠዋት በከተትኩት አንድ ባትሪ ነኝ። «ሚረርለስሽ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው፤ በየሰዓቱ ይጠባል» አልኳት። ይህ እውነት ነው፣ ጻፉት፦ መብራት በሌለበት አገር መስታወት ያለው ቀን ሙሉ ያውላል።

ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ ለፎቶ ተሰለፉ። ስምንት ናቸው፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን ተክለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። ህይወት አነሳቻቸውና «አበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። የተናገሩትን ከጋሞኛ ወደ አማርኛ ልመልሰው፦

«ልጄ፣ መቼ ነው የምታነሺን? አንገቴ ደረቀ እኮ።»

«አንስቻለሁ አባቴ፤ ሃያ ጊዜ።»

«በምን? ድምፁ የታል?»

ሌላው ደግሞ «ሳናውቅ ከወሰድሽማ ሌብነት ነው» አለ።

እኔ ገባሁና አንድ ጊዜ ቀጭ አደረግሁ። ስምንቱም በአንዴ ተነፈሱ። «ይኸውላችሁ! ካሜራ ማለት ይህ ነው!» አለ ባለ አንገቱ። ሁሉም ወደኔ እያየ ሳቀ። ህይወትም ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ ውስጤ ገብቶ አበጠ። ያን ቀን ያጠፋኝ ያ እብጠት ነው።

ስምንት ሰዓት፣ ምርቃቱ

የሙሽራው ሚዜዎች መኪና ጡሩንባ እየነፋ ሲመጣ ማሞን ደግፈው ቤቱ መሐል ባለች ዝቅተኛ በርጩማ አስቀመጡት። የቀርከሃ ቤት መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ህይወት ከኋላዬ ልትገባ ስትል ከልክያት ቆምኩ።

«አንቺ ውጪ ሁኚ። መኪናዎቹን አንሺ።»

«ጋሼ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። እኔ ጥግ ልቁም። ድምፅ የለኝ፣ ማንንም አልረብሽ።»

«ድምፅ ስለሌለሽ ነው። ሽማግሌዎቹን ሰምተሻል። ምርቃት በስርቆት አይነሳም።»

«ለመጠባበቂያ እንኳ…»

«ውጪ አልኩሽ!»

ሰው ሁሉ ሰማ። አንድ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አይታኝ ወጣች።

መሠረት አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ማሞ በግራ እጁ እርጥብ ሳር ይዞ፣ በቀኙ ቅቤ ከጠጉሯ ላይ አደረገ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ቤቱ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማው። «የረገጥሽው ይለምልም። የያዝሽው ይባረክ። ጠብ ከደጅሽ ይራቅ። እኔን ስታስቢ አታልቅሺ።» ይህን የመጨረሻውን ሌላ አባት ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ፍላሽ ስለተከለከልኩ ሌንሱን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ሌንስ እንዲያ ሲከፈት የሚጠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሱ አንድ ክንድ የቀደመውም የኋላውም ይሟሟል። ባለሙያ ያውቀዋል። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አድርጌ አሥራ አንድ ጊዜ ተጫንኩ። በየቀጭታው ማሞ ቀና እያለ ያየኝ ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ ይረጋጋል።

ሲጨርስ «ወጣ?» አለኝ።

«ወጣ» አልኩት። ሳላይ ነው ያልኩት።

ሙሽራዋ ወጣች፣ እልልታው መኪናውን ተከትሎ ወረደ፣ ግቢው ባዶ ሆነ። እንሰቱ ሥር ቆሜ ፎቶዎቹን ስክሪኑ ላይ አየሁ። ደህና መሰሉኝ። አጎላሁት፤ አልገባ አለኝ። ህይወትን ጠራኋትና «እይልኝ» አልኳት። አንዱን አየች፣ ሁለተኛውን አየች። አሥራ አንዱንም ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ጋሼ… የጠራው ግድግዳው ነው።»

ከማሞ ትከሻ በላይ፣ ቀርከሃው ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነበር። የሱ የሠርግ ፎቶ፤ እኔው በፊልም ያነሳሁት። የካሜራዬ የፎከስ ነጥብ በማሞ ጆሮ አጠገብ አልፎ ፎቶው ላይ ወድቋል፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ወጣቱ ማሞ ፍሬሙ ውስጥ ቅንድቡ ሳይቀር ይቆጠራል። ከፊቱ የተቀመጠው ማሞ ጭስ ነው፤ ዓይንም አፍም የለውም።

«በኮምፒውተር አይስተካከልም?»

«አይስተካከልም ጋሼ።»

«አንቺስ በበሩ በኩል አላነሳሽም?»

ሳትናገር ካሜራዋን አሳየችኝ። አንድ አንስታለች፤ ከግቢው። የመሠረት ጠጉር ላይ ያለው ቅቤ ሲያንጸባርቅ፣ የማሞ ጣቶች፣ የሳሩ ቅጠል፣ ሁሉም ጥርት ብሏል። ጨለማው ቤት ቀን መስሏል። የማሞ ፊት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን የኔ ጀርባ አለ፤ የጃኬቴ ስፌት እንኳ ይታያል።

ለማሞ ነገርኩት። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። አልጋው ላይ ተጋድሟል።

«ማሞ፣ አልወጣም።»

«ወጣ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ዋሸሁህ። ሳላይ ነው።»

«ያኛውንም አንተ ነህ ያነሳኸው» አለ ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «ያኔ ዓይን ነበረህ።»

«ለመልሱ ሐሙስ ይመጣሉ አይደል? እንደገና…»

«ምርቃት አይደገምም ቶማ። የወጣ ቃል ወጥቷል። ለፎቶ ብዬ ልጄ ላይ ቲያትር አልሠራም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሐሙስ ከደረስኩ ከሷ ጋር ተቀምጬ ልነሳ። ያቺ ልጅ ታንሳኝ፣ ድምፅ የሌላት። አንተም ና፤ ብላ፣ ጠጣ። ካሜራ ግን ሳትይዝ ና።»

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግብዣ ነው፤ ግብዣ እንዴት ይመለሳል?

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ቁልቁለት

የተመለስነው በዚያው ሚኒባስ ነው፤ አሁን ፖም ጭኗል። ረዳቱ «ፋዘር፣ ሠርጉ እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደመቀ» አልኩት። ስለ ሻንጣዋ አልቀለደም፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሐይቆቹን አላየሁም። ባያቸውስ ምን ሊሆን?

ዶርዜን ካለፍን በኋላ ህይወት ቀስ ብላ «የካሜራው ጥፋት አይደለም ጋሼ» አለች።

«አታጽናኚኝ።»

«እያጽናናሁ አይደለም። ዓይንዎን የታዩት መቼ ነው?»

ሻንጣዋን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሲቀላ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈው። ሻንጣዬን ልትይዝልኝ ስትል አልከለከልኳትም። ውጪ ብዬ ስለጮህኩባት ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፌ አልተከፈተልኝም። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ታንብበው።

ቤት

ከስቱዲዮዬ ማዶ የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ አለ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ፊደሎቹ ቆሙ። ግራውን ሸፈንኩ፤ ነጭ ጭስ። አርባ ዓመት ካሜራ ላይ የደገፍኩት ቀኙን ነው። ፊደል ሲደበዝዝብኝ «ድሮም አይሆንልኝም፣ አለመማሬ ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት እግዜር ይወቀው። የተማረ ሰው ቢሆን ዓይኑን ይጠረጥር ነበር። እኔ ፊደሉን ጠረጠርኩ።

የጠየቃችሁኝን ልመልስ። መብራት ለሌለበት ቦታ፣ ለአቧራና ለዝናብ፣ ድምፅ ለሚፈልግ ሽማግሌ መስታወት ያለው ይበልጣል። ለጨለማ ቤት፣ ለምርቃትና ለቤተ ክርስቲያን መስታወት የሌለው ይበልጣል፤ ዓይኑን አይስትም። አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል የሠርግ ፎቶ አንሺ መስታወት የሌለውንና አራት ባትሪ ይግዛ። ይህን ማለት ይመረኛል፤ ግን እንዲህ ነው። የቱንም ብትገዙ «ጥግ ልቁም» ያለችውን ባለሙያ ከቤት አታስወጡ። ሳታዩም «ወጣ» አትበሉ።

ሐሙስ እወጣለሁ። ከደረሰ ከማሞ ጎን እቀመጣለሁ። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።