ከጫፉ ጀምረው ያበጠሩን አዴ ገላኔ

ሁላችንም «አዴ» እያልን የምናከብራቸው አዴ ገላኔ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለችው ቤታቸው አርፈዋል። ሳሉ ከያዛቸው ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ጠላት ከአገር ከወጣ ጊዜ አንሥቶ የአምቦን ሴቶች ፀጉር ሲያበጥሩና ሲሠሩ ኖረው በማግሥቱ ዓርብ ተቀበሩ። ይህን የምጽፈው ከጉልበታቸው ሥር ተቀምጣችሁ ለተነሣችሁ ሁሉ ነው፤ መርዶው ዘግይቶ ለሚደርሳችሁ ለጊንጪና ለጉደር፣ ለእጃጂና ለወንጪ ሰዎችም ጭምር። ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የማውቀውን ብቻ፣ እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ብቻ ነበረች፤ በሯ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ከበሩ በስተግራ በርጩማ አለ፤ ከበርጩማው ፊት የበግ አጎዛ ተነጥፏል። በርጩማው የእሳቸው ነው፣ አጎዛው የመጣው ሰው። የዳኛ ሚስት ብትሆን፣ ከደንዲ ቅቤ ይዛ ለገበያ የወጣች ገበሬ ብትሆን፣ ቦታዋ ያው አጎዛ ነው። መስታወት አልነበራቸውም። አንዲት ሴት ስለዚህ ብትጠይቃቸው፣ «መስታወት ካለ ሰው መስታወቱን ነው የሚያምነው። እኔን እመኑኝ እንጂ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ፤ ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ቃል ይናገራሉ። «ባሬዴ።» አማርሽ ማለት ነው። ካላማረ ቃሉን አይናገሩትም። «እስቲ እንደገና ተቀመጪ» ይላሉ።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀኝ ማበጠሪያ ነው። እንጨት መቅረጽ ማንም አላስተማረኝም። ተማሪዎች ጎፈሬ ማሳደግ በጀመሩበት፣ ቤልቦተም ሱሪ የአምቦን አስፋልት በጠረገበት ሰሞን፣ ወጣቱ ሁሉ ረጅም ጥርስ ያለው ሚዶ ፀጉሩ ላይ ሰክቶ መዞር አማረው። እኔም ወይራ ቆርጬ መሞከር ጀመርኩ። አንዱ እንደሆነልኝ ባሰብኩ ጊዜ ወስጄ አሳየኋቸው። ተቀብለው በክንዳቸው ላይ አንዴ ሳቡት።

«ይሄ ማበጠሪያ አይደለም» አሉኝ። «መንሽ ነው። ጭድ ለመበተን ይሆንሃል።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«አትፈር» አሉ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ውሰድና በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው። ከዚያ በነጠላ ጫፍ ላይ ጎትተው። ክር ከያዘ አልለሰለሰም ማለት ነው። ለነጠላ ያልራራ ለራስ አይራራም።»

ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ክር መያዙን ተወ፤ የጥርሶቹ ክፍተት ግን አልጣማቸውም። ወደ ጓዳ ገብተው ሦስት ፍሬ ይዘው መጡ፤ አንድ ስንዴ፣ አንድ ሽምብራ፣ አንድ ባቄላ። መዳፌ ላይ አስቀመጧቸው። «ለሹሩባ በጥርሶቹ መሃል ስንዴ ይለፍ። ለጎፈሬ ሽምብራ ይለፍ። ለተቋጠረ ፀጉር ግን ባቄላ ካላለፈ፣ እጅህን አታስገባ።» ሦስቱ ፍሬዎች ዛሬም በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ አሉ። ማስመሪያ አልጠቀምም። ባቄላዋ ስለምትሸበሸብ በየዓመቱ በአዲስ እቀይራታለሁ።

ስለ ፀጉር አያያዝ ምክራቸው አጭር ነበር። የአምቦ ፍል ውሃ ለወገብ እንጂ ለፀጉር አይሆንም ይሉ ነበር፤ ያደርቀዋል። ለፀጉር የሁሉቃ ውሃ፣ ከታጠበ በኋላ ጥላ ሥር ማድረቅ፣ በአደስ የተነጠረ ቅቤ፣ እሱም ከመጠን ሳያልፍ። «ቅቤው ፀጉሩን ያጠግበው እንጂ ኮሌታውን ለምን ታጠግቡታላችሁ?» ይላሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ፋሽን ሆኖ ወይዛዝርቱ ፀጉራቸውን በእሳት በጋለ የብረት ማበጠሪያ ማለስለስ ሲጀምሩ፣ አንዷ ብረቱን ይዛ መጥታ ሥሩልኝ አለቻቸው። አገላብጠው አዩትና መለሱላት። «ፀጉር ሸሚዝ ነው እንዴ የሚተኮሰው?» ሆኖም አላሳፈሯትም፤ በብረቱ የተቃጠለውን የግንባሯን ጠርዝ በቅቤ አሽተው፣ ቁስሉ እንዳይታይ አድርገው ሠርተው ሰደዷት።

ከወንጪ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶችን ፈተና ሲደርስ ራሳቸው እየሄዱ ይጠሯቸው ነበር። «ራስ እያሳከከ ትምህርት አይገባም» ይሉ ነበር። በተራ አስቀምጠው ሲሠሯቸው ልጆቹ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያነባሉ። አዴ ገላኔ ማንበብ አይችሉም፤ ገጹ ሳይገለበጥ ከቆየ ግን ያውቁባቸዋል። «አንቺ፣ ተኝተሻል» ብለው በሚዶው ጫፍ ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸዋል።

በወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በአፍ አምቦ የምትባለው ከተማችን ከየአገሩ የሚመደብ ሠራተኛ አታጣም። አንድ ቅዳሜ ከጎንደር ለማስተማር የመጣች ወጣት አጎዛው ላይ ተቀምጣ ነበር። ኦሮምኛ ገና አትሰማም ነበር። አዴ ገላኔ ጨርሰው ወደ ኋላ አሉና፣ «ባሬዴ» አሏት።

«ምኑ ነው የበረደው አዴ?» ብላ ደንግጣ ዞረች።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አዴ ገላኔ አላስተካከሏትም። «ራስሽ ነዋ» አሏት። «ጠዋት ስትመጪ ትነጂ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በከተማው ዞረ። ወጣቶች አዲስ ሱሪ ለብሰው ሲወጡ፣ «በረደልኝ?» ብለው ይጠያየቃሉ። ያላማረበትን፣ «አንተ ገና ትፋጃለህ፤ ተመለስና ቀይር» ይሉታል። ቀልዱ ከየት እንደመጣ የማያውቁም ይናገሩታል።

እኔ ግን ያን ቃል ከቀልድ አልፌ የማስበው በእናቴ ምክንያት ነው።

እናቴ አስካለ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። አባቴ ጸሐፊ ሆኖ እዚህ ሲመደብ ተከትላው መጣች፤ ያን ያህል ዘመን አምቦ ስትኖር ከኦሮምኛ ሰላምታ እንኳ አልለመደችም። አባቴ ሲሞት ፀጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች። ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ጥቁሩ ግን አልወለቀም። ፀጉሯ ከጥቁሩ ሻሽ ሥር እንደገና አደገ፤ ማበጠሪያ ግን አልነካውም። በሁለተኛው ዓመት እንደ ባና ተጠቅጥቆ ራሷን ያማት ጀመር። ከማለዳ ቅዳሴ በቀር ከግቢ አትወጣም። ጎረቤት ሲጠራት «ራሴን አሞኛል» ትላለች፤ እውነቷን ነበር። አንድ ቀን ምላጭ እንድገዛላት ላከችኝ።

«ልላጨውና ልገላገል» አለች።

ምላጩን ገዛሁ። ከተላጨች ግን ሐዘኑ ከመጀመሪያው ቀን እንደሚጀምር፣ ከዚያ በኋላም ከዚያ ቤት እንደማትወጣ ገብቶኝ ነበር። ምላጩን በኪሴ እንደያዝኩ ወደ አዴ ገላኔ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሰኩትና፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ በላት» አሉኝ።

ቅዳሜ የመጡት ጥቂት ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ብቻ ነው።

«አከም ቡልቴ አስካለ? እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዴ፣ እኔ እኮ ጌጥ የምፈልግ ሰው አይደለሁም።»

«ጌጥ ማን አመጣ? ራስሽን ያምሻል ብለውኝ ነው። ይሄ የራስ ምታት ቅቤ ነው።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሻሿን ፈታች። ቅቤውን ቀብተው፣ በጨርቅ አስረው ሄዱ። በሁለተኛው ቅዳሜ ባቄላ የሚያሳልፍ ማበጠሪያ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። ያን ሳምንት ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

እንግዲህ እንዴት እንደሚሠሩ ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። የተቋጠረውን ሥሩ ላይ በአንድ እጃቸው ጨብጠው ይይዙታል፤ ጫፉን በሌላው ይጀምራሉ። አንድ የጣት አንጓ ያህል ከተፈታ ለቀኑ በቃ። «ከሥሩ የጀመረ ያስለቅሳል። ከጫፉ የጀመረ ይደርሳል» አሉኝ፤ «ሱታ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው።»

እናቴ መታገሥ አቃታት። «መቀስ የለዎትም እንዴ አዴ?»

«አለኝ። የሚቸኩል ሰው ሲመጣ አውሰዋለሁ።»

ከአባቴ ሞት በኋላ እናቴ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሳቋ አጭር ነበረች፣ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በአራተኛው ቅዳሜ ማጅራቷ ጋ ደረሱ። እናቴ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። አዴ ገላኔ ማበጠሪያውን አነሡ።

«አሳመምኩሽ?»

«የለም። እዚህ ጋ… ሲታመም እዚህ ጋ አንገቴን ተደግፎ ነበር የሚነሣው።»

አዴ ገላኔ መዳፋቸውን ማጅራቷ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ «ለዛሬ እዚህ ይብቃን» ብለው ተነሡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጡ ከዚያው ቦታ ጀመሩ።

በሰባተኛው ቅዳሜ አለቀ። የበዓል ሹሩባ አልሠሩላትም፤ ወደ ኋላ የተሳበ፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ አሠራር ነበር። አንዲት ዘለላ ፀጉር በመቀስ አልተቆረጠችም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ባሬዴ፣ አስካለ።»

እናቴ እጇን አንሥታ ማጅራቷን ዳሰሰች። ከዚያ፣ «አዎ» አለች። «በረደልኝ።»

እኔ ስሕተት ሲነገር ዝም ማለት አይሆንልኝም። ቃሉ እንደዚያ ማለት አይደለም ልል አፌን ስከፍት አዴ ገላኔ ማበጠሪያውን አንሥተው አስቆሙኝ። ግቢው በር ድረስ ስሸኛቸው፣ «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ልክ ነው የሰማችው።»

በማግሥቱ እናቴ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ነጠላ ለበሰች። ከቅዳሴ ስትመለስ በአቋራጩ አልመጣችም፤ በገበያው መሃል፣ ሰላም እየተባለች መጣች።

ሐሙስ ዕለት የአዴ ገላኔን ማረፍ የነገረችኝ እናቴ ናት። ከቤታቸው ቀድማ የደረሰችውም እሷ ናት። ልጅ አልነበራቸውም፤ ለማጠብ የገቡት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ። እናቴ ከደጅ አየችኝና፣ «ባለ ባቄላውን ማበጠሪያ አምጣልኝ» አለችኝ። ከቤታችን በሩጫ አመጣሁ፤ በበሩ ክፍተት አቀብያት ውጭ ቆምኩ።

የሰዉን ሁሉ ራስ የሚያውቁትን የአዴ ገላኔን ራስ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ዘወትር በቢጫ ሻሽ የታሰረ ነበር። በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ ፀጉራቸው ነጭ፣ ስስና ንጹሕ ነው። ፊቱና ጎንና ጎኑ በደንብ ተበጥሯል። ከኋላ ብቻ፣ እጃቸው በማይደርስበት በማጅራታቸው ላይ፣ ተቋጥሮ ነበር። ስንት ዓመት እንደቆየ አይታወቅም። ያን ሁሉ ዘመን አጎዛው ላይ ስንቀመጥና ስንነሣ፣ እርስዎንስ ማን ያበጥርዎታል ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። እኔም ማበጠሪያ ሠሪው አልጠየቅሁም።

በበሩ ክፍተት ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

«አስካለ፣ ሻሹን እሰሪውና ይለቅ» አለች አንዷ። «ካህናቱ እየደረሱ ነው።»

«ሱታ» አለች እናቴ።

ከእናቴ አፍ የኦሮምኛ ቃል ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ረጅም ጊዜ የማበጠሪያው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ እናቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ኮቴዋን ሰማሁ። ቃሉንም ሰማሁ፤ መካከሉን እንደሚገባው ስባ፣ ከአማርኛው ሳትቀላቅል፣ አጥርታ ተናገረችው።

«ባሬዴ።»

አዴ ገላኔ፣ የተቋጠረው ተፈትቷል፤ ከጫፉ ተጀምሮ ነው፤ አንዲትም ዘለላ አልተቆረጠችም። ምላጩ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ዝጎ አለ፤ ማንም አያወጣውም። ማበጠሪያው ከእናቴ ዘንድ ነው፤ ከወንጪ የሚመጡትን ልጆች ለፈተናቸው እሷ ትጠራቸዋለች፤ ገጽ የማይገለብጡትንም ትቀሰቅሳቸዋለች። አፈሩ እንደ አጎዛዎ ይለስልስልዎ። እርስዎ አምረው ሄደዋል። እኛ ግን፣ ስሕተት መናገር ስለማይሆንልኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ገና አልበረደልንም። ነገ ቅዳሜ ነው። ከጫፉ እንጀምረዋለን።