የጣሂር ካይትና የብዙ ሰው እጅ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲታይ ምን ይወጣዋል? በወጣትነታችን ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንዱ «ሥራው ነው»፣ ሌላው «እምነቱ ነው» እያለ፣ በዚህ ጥያቄ ሻይ ቤቱ እስኪዘጋብን እንጨቃጨቅ ነበር። ሰባን ካለፍኩ ወዲህ መልሱ እያነሰ መጣብኝ። አሁን አሁን ሰው ማለት ደጋግሞ የተመኛት አንዲት ትንሽ ነገር ትመስለኛለች። የጎረቤቴን የጣሂርን ምኞት ዐውቃለሁ፤ ካይቱ፣ ያቺ በነፋስ የምትበር ባለ ክር የጨርቅ ክንፍ፣ ሰማይ ላይ ቆማ ሚስቱ አንድ ጊዜ እንድታይለት ነበር።

ጣሂር የጅማ ሰው ነው። ካምፓላ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ናኪቩቦ በሚባል ሰፈር ከታክሲዎቹ ግርግር ጀርባ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ያረጀ ሶፋ እየፈታ አዲስ ልብስ ያለብሳል። ወፍራምና ተከራካሪ ነው፤ ስለሚያውቀውም ስለማያውቀውም በእኩል ድምፅ ይናገራል። ሚስቱ ራሂማ የወሎ ልጅ ናት፤ ምላሷ እንደ ምላጭ፣ ልቧ እንደ ቅቤ። ኪሱጉ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ እነሱ፣ ስልክ ጠጋኙ ሙሉዓለምና እኔ፣ መሸሻ፣ በር ለበር እንኖራለን።

ካይቷን ያገኛት ሶፋ ሆድ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 2021 አንዲት ፈረንጅ ልባስ እንዲቀይርላት ባመጣችው ሶፋ ሥር አንድ ረጅም ከረጢት ተሸጉጦ አገኘና ደወለላት። «የቀድሞ ባሌ ዕቃ ነው፤ እባክህ ከዓይኔ አርቅልኝ» አለችው። አራቀላት፤ ወደ ቤቱ።

ይህቺ ልጆች በአንድ ክር የሚጎትቷት ዓይነት አይደለችም። ቀለማቸው የተለያየ አራት ክር አላት፤ በሁለት እጅ፣ በሁለት መያዣ ትነዳለች። የላይኞቹ ሁለት ክሮች ያነሧታል፤ የታችኞቹ ልጓሞቿ ናቸው። አራቱም እኩል መርዘም አለባቸው። አንዱ ስንዝር ካጠረ፣ አንገቷ እንደተቀጨ ዶሮ ትሽከረከራለች። ጣሂር ይህን ሁሉ ከስልኩ ቪዲዮ ተማረና በሳምንቱ እንደ አብራሪ ያወራ ጀመር።

የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሙንዮንዮ ወደሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈር ወረድን። ከሆቴሎቹ አለፍ ብሎ ሐይቁ ዳር ላሞች የሚግጡበት ሜዳ አለ። ነፋሱ ከውሃው ላይ ደህና አድርጎ ይመጣል። ካይቷ እንደ ርግብ ብድግ አለች፤ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ወደ ግራ ዞረች፣ ከዚያ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አያችሁ? አያችሁ?» ይላል ጣሂር።

አየን። ወዲያው ተገለበጠችና ክሮቿን ክንፏ ላይ ጠምጥማ ሣር ላይ ተደፋች። መከራው እዚህ ላይ ጀመረ፤ ምክንያቱም ሙሉዓለምና እኔ ሮጠን ደረስን።

«ተዉት፣ እኔ እፈታዋለሁ» አለ ጣሂር።

«ኧረ በሞቴ! ብቻህን?» አለ ሙሉዓለም አንዱን ክር እያነሣ።

«ጫፉን አትንካ ነው የምልህ!»

«ምን ችግር አለው? አንተ ስትለፋ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቁም?»

ልብ በሉ፤ ጣሂር እውነቱን ነበር። ግን በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ተዉት» ምንም ማለት አይደለም። ብላ ሲሉት «አሁን ነው የበላሁት» የማይል፣ ሻንጣህን ልያዝልህ ሲሉት «ቀላል ነው» የማይል የጨዋ ልጅ የት አለ? እምቢታ የአስተዳደግ ምልክት ነው። ስለዚህ የጣሂርን ጩኸት ይሉኝታ ነው ብለን ወሰድነው፤ በጮኸ ቁጥርም ጨዋነቱ አስገረመን። ሙሉዓለም ሰማያዊውን ክር ከመያዣው ፈትቶ በቀዩ ሥር አሾለከው። እኔ ቀዩን ይዤ በሌላ በኩል ዞርኩ። ሲመሽ ካይቷ በክር የታሰረች በግ መስላ ነበር።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ጣሂር ላብ እያጠመቀው አስረዳን።

«ስሙኝ። ክሩ አየር ላይ ሲጠማዘዝ ጫፉ ከመያዣው አልወጣም። አልወጣም አይደል? ስለዚህ ቋጠሮ የለበትም፤ ጥምዝ ብቻ ነው። ላላ አድርገህ ብታራግፈው፣ በዞረበት ብትመልሰው ይፈታል። ጫፉን ነቅለህ ካሾለክኸው ግን፣ ቋጣሪው አንተ ነህ!»

በበኩሌ ነገሩ ጥልቅ ሆኖ አገኘሁት። ስንቱ ጠብ፣ ስንቱ ጋብቻ፣ ስንቱ መንግሥት ጫፉን የሚነቅል ሰው ባይመጣበት ላላ ተደርጎ ሲራገፍ ይፈታ እንደነበር እያሰብኩ ኪሱጉ ደረስኩ። በሚቀጥለው እሑድ ካይቷ ስትወድቅ ግን፣ ከሙሉዓለም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። አእምሮ የገባውን እጅ እስኪሰማ ጊዜ ይወስዳል።

ራሂማ እሑድ እሑድ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ስለዚህ ካይቷ ስትበር አይታ አታውቅም፤ የምታየው ባሏ ማታ የተተበተበ ነገር ታቅፎ ሲገባ ነው።

«ይኼ ነው የሚበረው?» ትለዋለች።

«ወላሂ በሯል! ጋሼ መሸሻን ጠይቂያቸው።»

«እሳቸውማ ጨዋ ሰው ናቸው። ላንተ ሲሉ በቅሎም በረረች ይላሉ።»

እኔም ምስክርነቴ በጨዋነቴ ምክንያት ውድቅ ሆነብኝ።

የኮሮናው ሰዓት እላፊ በተነሣበት ሰሞን፣ በ2022 መግቢያ፣ ራሂማ ፍርዷን ሰጠች። ግቢ ውስጥ ሁላችንም እየሰማን ነው የተናገረችው።

«ያ ሁሉ ጠንካራ ክር ቤት ተቀምጦ የኔ ልብስ አጥር ላይ ይሰጣል። በሚመጣው እሑድ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ። በዓይኔ ካየኋት አልጋዬ ላይ ብታስተኛት አልናገርህም። ካላየሁ ግን ክሩ የልብስ ማስጫ ነው። በቃ!»

ጣሂር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ያን ሳምንት ሶፋ አልነካም። ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ፣ ማንም ሊረዳው በማይችልበት ቦታ፣ የእኛን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ፈታ። አራቱን ክሮችም ጎን ለጎን ዘርግቶ እኩል መሆናቸውን አየ።

እሑድ ደረሰ። ራሂማ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ፣ ፔርሙዟንና ሳምቡሳዋን ደርድራ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። ጣሂር መያዣዎቹን በካቻቢቴ መሬት ላይ ቸክሎ ክሮቹን ዘረጋ፤ ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ጎተተ። ካይቷ ተነሣች። እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም። ቆመች፤ ቀስ ብላ ወረደች፤ ሣሩን በክንፏ ልትነካ ስትል ተመልሳ ወጣች።

በዚያችው ቅጽበት ሙሉዓለም ፔርሙዙን አነሣ።

«ተው፣ እኔ እቀዳለሁ» አለች ራሂማ።

«በሞቴ! ዛሬ እንግዳችን አይደለሽ?»

«ሙሉዬ ተው፣ ይፈስብሃል!»

«ካልቀዳሁልሽ አልቀመጥም!»

ፔርሙዙን ወዲህና ወዲያ ይጓተታሉ። ጣሂር ሁለት እጁ ስለተያዘ ሊጠቁም አይችልም፤ «ራሂማ! ወደ ላይ! ወደ ላይ እዪ እንጂ!» እያለ ከሜዳው መሃል ይጮሃል። ጨንቆት ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር ካይቷ ተገለበጠች። ሻዩ ተቀዳ፤ ራሂማ ቀና ስትል ሰማዩ ባዶ ነበር።

«የታለች?»

«ነበረች!» አልን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ።

«ነበረችማ ስትሉ ከረምኩ።»

ጣሂር ሮጦ ሄዶ ክሮቹ ላይ ተንበረከከ። ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ ሁለት ዙር ጥምዝና ክንፏ ላይ የተጠለፈ አንድ ቀለበት። ነፋሱ አለ፤ ፀሐይዋም ገና ነበረች። አራግፎ፣ በዞረበት መልሶ፣ ለራሂማ እንደገና ሊያስነሣት ይችል ነበር። ፊቱ ሁሉ በተስፋ በርቶ ቀና ሲል ግን እኛን አየን፤ ተነሥተን እየመጣን ነው።

ክሮቹን ከኋላው አድርጎ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ይህን ጊዜ አልጮኸም።

«ሙሉዬ፣ ጋሼ፣ አንቺም ራሂማ» አለ። «እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። ዛሬ ግን እለምናችኋለሁ። ለይሉኝታ አይደለም፣ ወላሂ፣ ከልቤ ነው። አንዴ ብቻዬን ተዉኝ።»

«አዩልኝ ጋሼ?» አለ ሙሉዓለም ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» በጣሂር ክንድ ሥር አጎንብሶ አለፈና ቀዩን አነሣ። እኔ አረንጓዴውን ያዝኩ። ራሂማ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ለካ እንዲህ ስትለፋ ነው የምትውለው፣ የኔ ጌታ?» አለችና፣ የሰማያዊውን ጫፍ ከመያዣው ነቅላ በካይቷ ክንፍ ሥር አሾለከችው። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ማናችንም አልለቀቅንለትም።