ልጄ ሳትሞት የተነገረ መርዶ

አማቴ እማማ ዘርፌ ባለፈው ሳምንት አረፉ። በማግስቱ ማለዳ፣ ድንኳኑ ገና እየተተከለ፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ወደ ጓሮ ጠሩኝ። «የሺ፣ ሞላ እኮ ገና አልተረዳም» አሉኝ። ሞላ ባለቤቴ ነው፤ የእማማ ዘርፌ ልጅ፣ ጉባ ግድቡ ላይ የከባድ ማሽን ሠራተኛ። «ደውይለትና ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና በይው። መንገድ ላይ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። ሲደርስ ከበን እናረዳዋለን።» አንደኛው ደግሞ «ድምፅሽን ጠንከር አድርጊው» ብለው መከሩኝ።

እኛ መርዶ እናውቅበታለን። መንገደኛ አይረዳም፤ ብቻውን ያለ ሰው አይረዳም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጠንካራ ጠንካራው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። ስልኩን በእጄ ይዤ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ።

ይኸው ሞላ አንድ ጊዜ መርዶ ተነግሮታል። በስልክ፣ ብቻውን፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። የነገሩት እናቱ ናቸው። ሞተች የተባለችው ልጃችን ግን በዚያን ሰዓት በሕይወት ነበረች።

የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነበር። ያኔ ለጋ ነኝ፤ ባምባሲ መንገድ ዳር ከአማቴ ቤት እኖራለሁ። ግድቡ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ስለነበር ሞላ የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ፣ በረንዳ ተቀምጬ እሸት በቆሎ ስጠብስ፣ ያለጊዜው የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። አሶሳ ሆስፒታል የደረስነው በዝናብ፣ በእህል መኪና ጋቢና ነው። እማማ ዘርፌ ጉልበቴን ይዘው «በርቺ ልጄ፣ በርቺ» ሲሉኝ መንገዱ አለቀ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድኩ። እልል ያለ ሰው የለም። አንድ ክንድ የማትሞላ፣ ቆዳዋ ስስ፣ ጆሮዋ እንደ ቅጠል የሚታጠፍ ፍጥረት ነበረች። ወዲያው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዷትና ማሞቂያ ውስጥ አስተኟት፤ በአፍንጫዋ ኦክስጅን፣ በአፏ ቀጭን የወተት ቱቦ። ክፍሉ ይሞቃል፤ አልኮልና የጡት ወተት ይሸታል። ሲስተር ጫልቱ የምትባል የቤጊ ልጅ፣ ጡቴን በእጄ አልቤ በስኒ እንዴት እንደማጠራቅም አስተማረችኝ። ልጄ ትንሽ ስትበረታ ደግሞ ልብሴን አስከፍታ ራቁቷን ደረቴ ላይ አሰረችልኝ። «ከእንግዲህ ማሞቂያው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ጠዋት ስትገባ ከሰላምታ በፊት «ጎበዟ እንዴት አደረች?» ትላለች። ልጄ ሌላ ስም አልነበራትም።

እማማ ዘርፌ ግን ወራቱን ቆጥረው ጨርሰዋል። ሞላ ለገና መጥቶ፣ ጥምቀትን ውሎ ነበር የተመለሰው። እኔ ከጥምቀት ቆጥሬ ሰባት ወር አልኩ፤ እሳቸው ከገና ቆጥረው «ስምንተኛው ገብቷል» አሉ። በእኛ ዘንድ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም ይባላል፤ ለምን ቢባል የሚመልስ የለም፣ የሚጠራጠርም የለም። ሲስተር ጫልቱ «እማማ፣ ሆድ ውስጥ በቆየች ቁጥር ነው የሚሻላት፤ ስምንት ከሆነማ እሰየው!» ብትላቸው፣ «አንቺ ከመጽሐፍ ነው ልጄ፤ እኔ በእጄ ቀብሬ ነው የማውቀው» አሏት። እውነታቸውን ነው። ከወሎ በሰፈራ በመጡበት ጊዜ ከቀርከሃው ሥር የተቀበሩ ሕፃናት ነበሯቸው።

በየቀኑ ካረፉበት ዘመድ ቤት አጥሚት አፍልተው ይመጡልኛል። ወገቤን ያሹልኛል፣ ነጠላዬን ያጥቡልኛል። ደረቴ ላይ ያለችውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩዋትም። ዓይናቸው አገጬ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ያኔ እኔ ስልክ የለኝም፤ ያላቸው እሳቸው ናቸው።

«ሞላ ደወለ?» እላለሁ።

«ደውሏል።»

«አይመጣም?»

«ሥራ ነው እንጂ ምን ያድርግ? አንቺ ጠጪ።»

እጠጣለሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። የሌሎቹ ባሎች በመስኮት ሲያጮልቁ ሳይ፣ ምን ዓይነት አባት ነው እያልኩ ሞላን በልቤ መርገም ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግድቡ የመጣ ሾፌር በሩ ላይ ቆመ። ሐምዳን ይባላል፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ የኩርሙክ ሰው፣ የሞላ ጓደኛ፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። ጫማውን አውልቆ፣ ስኳርና ብርድ ልብስ ታቅፎ ገባ። እናቶቹ ደረታቸውን ገልጠው ስለተኙ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«እህቴ፣ አላህ ሰብር፣ ጽናት ይስጥህ» አለኝ። «ሞላ በጣም አለቀሰ። እኛም ሁላችን ከሱ ጋር ተቀመጥን። እናቱ በስልክ ነገረው፤ ልጅ ሞቶ ተወለደ፣ የሺ ግን ደህና ነው አለው።»

«የማን ልጅ ሞተ?» አልኩት።

ቀና አለ። ልጄ ከነጠላው ሥር እጇን አውጥታ አንገቴን ትቧጥጣለች። ብርድ ልብሱ ከእጁ ወደቀ። «ይሄ... ይሄ ማነው?»

«የሞላ ልጅ ናት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለና ብርድ ልብሱን አንስቶ አልጋዬ ላይ አኖረው። «አሁን እሄዳለሁ» አለኝ። «እዚያ ኔትወርክ አንዳንዴ ብቻ ነው፤ ቢኖርም ሞላ ከእንግዲህ ስልክ አያምንም። እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።» ስኳሩን እግሬ ሥር አስቀምጦ ጫማውን እንኳ ሳያስር ሮጠ።

እማማ ዘርፌ ሲመጡ አጥሚቱን አልተቀበልኳቸውም። «ለምን?» አልኳቸው። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ጊዜ እንዳያለቅስ ብዬ ነው» አሉ። «አለች ብለው እየሮጠ ይመጣል፤ ዓይኗን ያያል፤ ከዚያ ትሞትበታለች። አንዴ አልቅሶ ይውጣለት ብዬ ነው፣ የሺ። አንቺ ገና አልቀበርሽም።»

«አልሞተችማ!» ብዬ ጮህኩ። በክፍሉ ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ይዩዋት! አንዴ ብቻ ይዩዋት!»

አላዩዋትም። አጥሚቱን ከድነው ወጡ።

በዚያ ክረምት የጉባ መንገድ መንገድ አልነበረም። የሐምዳንን መኪና ሲሄድም ሲመጣም ጭቃ ያዘው፤ ወንዝ እስኪጎድል ቆመው ጠበቁ። በመሀሉ ልጄን ኢንፌክሽን ያዛት። ትንፋሿን ትረሳ ጀመር። በረሳች ቁጥር ውስጥ እግሯን ሲስተር ጫልቱ በጣቷ እየነካካች ታስታውሳታለች። አንድ ጠዋት ብትነካካት፣ ብትነካካት፣ ልጄ አላስታወሰችም።

ሞላ የደረሰው ከቀበርናት በኋላ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርቆበት ካረፍንበት ዘመድ ቤት በር ላይ ቆመ።

«ነበረች?» አለኝ።

«ነበረች።»

ጠበቅኩት። እንዲያለቅስ፣ እኔም አብሬው እንዳለቅስ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ እንባ ግን አልመጣለትም። «አልቅሻለሁ እኮ፣ የሺ» አለኝ እንደሚያፍር ሰው። «እኔ እኮ አልቅሻለሁ።» እሱ ያለቀሰው ሳትተነፍስ ለተወለደች ለሌላ ልጅ ነው። የጡት ወተት በጠብታ የዋጠችውን፣ አንገቴን የቧጠጠችውን አላወቃትም። ለእሷ የሚሆን እንባ አልቀረውም ነበር።

ባምባሲ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «በሌላ ይካስሽ» ብሎኝ አለፈ። ለጨቅላ ድንኳን አይተከልም። ደግሞስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ስለነበር፣ ለነሱ ነገሩ ያለፈ ነው። ካሰኝም፤ ወንዶች ልጆች ወለድኩ። እማማ ዘርፌ ሁሉንም አዝለው አሳደጉልኝ። ሲያዝሏቸው ከኋላ ሆኜ አያቸው ነበር። ስለዚያች ልጅ አንስተን አናውቅም፤ አንድ ጣራ ሥር ይህን ያህል ዘመን ኖረን አላነሳንም።

እና ባለፈው ሳምንት ስልኩን ደወልኩ። «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ና» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «መጣሁ፣ ይኸው ወጣሁ» አለ እንጂ አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ያለችውን ሞተች ሲሉት የቀረው ሰው፣ የሞቱትን አሉ ስለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። መንገዱም ዛሬ ጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ከከተማው መግቢያ ተቀብለው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው አረዱት። ጮኾ አለቀሰ። እንባው ልብሱን እስኪያርሰው አለቀሰ።

እሱን ሳይ የእኔም መጣ። ሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ነበር፤ እጄ ሳላውቀው ደረቴ ላይ፣ ልጄን አስሬበት በነበረው ቦታ ላይ ገብቷል። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ማልቀሱ ያለ ነው፤ እኔ ግን ይህን ያህል ተጠራቅሞ እንደቆየ አላወቅኩም ነበር። ሊያባብሉኝ ቢሞክሩ እምቢ አልኩ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ትከሻዬን ይዛ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፦

«አየሽ፣ አማቷን እንዴት ትወዳቸው ኖሯል!»