በርክክቡ ቀን የተቆለፈው ክፍል

ቤቱን ልንረከብ የሄድን ዕለት መጀመሪያ ያጠራጠረኝ የቀለሙ ሽታ ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበ፣ «አዲስ ቤት እንዲህ ነው የሚሸተው» አለ። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ ወራት እንዳለፉት የነገረኝ ግን እሱ ራሱ ነበር። ታዲያ ከወራት በፊት ያለቀ ቤት ለምን ትናንት የተቀባ ይመስላል?

ጊዜው ክልሉ ገና አዲስ የነበረበት ነው። አሶሳ ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፍባት ነበር። እኛ የመጣነው ከመተከል፣ ከወንበራዋ ደብረ ዘይት ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ዓባይን መሻገር ብቻ ይመስላል፤ የሚያሻግር መንገድ ስላልነበረ ግን አዲስ አበባ ድረስ ወጥተን በወለጋ በኩል ዞረን ገባን። ባለቤቴ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ተመድቦ ነበር። የሚከራይ ቤት ጠፍቶ አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ተጠጋን። በመጀመሪያው ክረምት ከአልጋው ሥር ያስቀመጥኩትን የእንጨት ሣጥን ስከፍተው የሠርግ ቀሚሴ ከወገቡ በታች የለም። ምስጥ በልቶታል። ሣጥኑን ከላይ ስወለውለው ከርሜአለሁ፤ አንድም ምልክት አልነበረውም። እኔ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ።

ስለዚህ ለሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ደረሳችሁ ስንባል፣ ባለቤቴ ዕቃ መጠቅለል ሲጀምር እኔ፣ «ሳላየው አንድ ማንኪያ አላነሣም» አልኩት።

ሥራውን የሚመራው ፎርማን ከበሩ ላይ ተቀበለን። ከወለጋ የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ለስላሳ አስመጥቶ ጠበቀን። ይኼም አላማረኝም። ቤት የሚያስረክብ ሰው ምን ቢያስብ ነው ለስላሳ የሚጋብዘው?

«ለስላሳው ይደርሳል፤ መጀመሪያ እንየው» አልኩ።

«ይዩት እንጂ እህቴ፣ ቤታችሁ ነው» አለና መንገድ ለቀቀልኝ።

ግድግዳውን አንኳኳሁ። መስኮቶቹን እየከፈትኩ ዘጋሁ። ከጓሮው በርሜል ውኃ ቀድቼ ሊሾው ላይ አፈሰስኩና ወዴት እንደሚሄድ ጎንበስ ብዬ ተከተልኩት። ደግነቱ ወደ በሩ ሄደ። ኮርኒሱን ቀና ብዬ አየሁ፤ ዝናብ ያስገባበት ምልክት የለም። ባለቤቴ በእኔ አፍሮ ፎርማኑን ስለ ማንጎ ዛፍ ያጫውተዋል። እኔም ጥፋት በማጣቴ ራሴን ልወቅስ ደርሼ ነበር።

ከዚያ በጓሮ በኩል ወዳለችው ክፍል ሄድኩ። ተቆልፋለች።

«ይቺስ?»

«የዕቃ ማስቀመጫ ናት። ቁልፏ አናጢው ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ባምባሲ ሄዷል።»

«እስኪመለስ እንጠብቃለና።»

«እንደሌሎቹ ናት፣ እህቴ፤ ምንም ልዩነት የላትም።»

«ታዲያ ለምን እሷ ብቻ ተቆለፈች?»

ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን የፎርማኑን ግንባር እያየሁ ነበር። ሳሎን ውስጥ ያላላበው ሰው አሁን ላብ አጥምቆታል። እንደዚያ ተፋጠን ሳለን ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር አስነጠሰ። ድመት ያስነጠሰች መሰለኝ። ወዲያው የሕፃን ለቅሶ ተከተለ።

ፎርማኑ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቁልፉን ከራሱ ኪስ አወጣ።

ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ራሷን በሻሽ አስራለች። ጥጉ ላይ ፔርሙዝና የገንፎ ሳህን አለ።

«እህቴ ናት» አለ ፎርማኑ። «ባሏ ለሥራ መንዲ ሄዷል። የተከራየቻት ጎጆ ጣሪያዋ በዝናብ ወረደባት። ምጧ ሲመጣ የት ልውሰዳት? ከተማው እንደሆነ ሞልቷል። አለቆቼ ከሰሙ እባረራለሁ።»

የባለቤቴ ሆድ ቶሎ ነው የሚባባው። «በቃ፣ አሁኑኑ እንረከብና እሷ እስክትጠነክር እዚሁ ትቆይ» አለ።

የእኔም ሆድ ባብቶ ነበር። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም። አራስ በተኛችበት ቤት ግድግዳ የሚፈትሽ ማን አለ? ይህን አስቦበት ቢሆንስ እዚህች ክፍል ያስተኛት?

ወንዶቹን ውጭ ትቼ ገባሁና በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ጌታ ይመስገን» አለች ፈገግ ብላ።

ሕፃኑን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ዓይኔ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። እሷም ይህን አይታብኛለች። ዓይኗ ዓይኔን እየተከተለ ወደ ኮርኒሱ ወጣ፣ ወደ ወለሉ ወረደ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እዚህ ጋ» አለችኝ። ከራስጌዋ በላይ ያለውን የመስኮት መቃን በአገጯ ጠቆመችኝ። «ቤቱ ጸጥ ሲል ይሰማኛል። ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል። መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ነበር።»

ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ። ምንም አልሰማሁም። በጥፍሬ ስጫነው ግን ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረና ጣቴ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ባዶ ነው። አፈርና ነጫጭ ምስጥ እየተቀላቀለ ወረደ። የፍራሹን ጫፍ ገለጥ ሳደርግ ከወለሉ ስንጥቅ ተነሥታ እስከ መቃኑ የምትወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር አገኘሁ። በላይዋ ቀለም ተቀብታለች።

ፎርማኑን ጠራሁት። አየና ክው አለ። ድንጋጤው የተያዘ ሰው ድንጋጤ ይሁን፣ ወይስ እንደ እኔ ገና አሁን ያወቀ ሰው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

«ቀቢዎቹ ናቸው እንጂ እኔ አላየሁትም» አለ። ቀጥሎም እህቱን በጎን እያየ፣ «እርስዎ እንዴት አገኙት?» አለኝ።

«በጣቴ» አልኩት። እሷ አቀርቅራ ልጇን ታጠባለች።

ባለቤቴ ያን ዕለት አልተረከበም። መቃኖቹ ሁሉ እንዲፈተሹ፣ የተበላው እንዲለወጥ፣ ወለሉ ተቆፍሮ የምስጥ መድኃኒት እንዲገባበት ተስማማን። አራሷ ወደ ሳሎኑ ተዛወረች፤ ስለ እሷ ትንፍሽ እንደማንል ለፎርማኑ ቃል ሰጠነው። እኔም በአራስ ጥየቃ ስም አጥሚት እየያዝኩ ብቅ እል ጀመር። አጥሚቱን ሰጥቻት በዚያው ወደ ጓዳ አልፋለሁ፤ መድኃኒቱን በእርግጥ ይረጩታል ወይስ ውኃ ነው የሚያርከፈክፉት ብዬ አሸታለሁ። ፎርማኑ ቁልጭ ቁልጭ እያለ ያየኛል፤ ከሰላምታ በቀር ግን አይናገረኝም። አዲሱን እንጨት በተቃጠለ ዘይት ነክሮ ሲተክል ቆሜ አየሁ። ባሏ ከመንዲ ተመልሶ ሲወስዳት ቤቱን ተረከብን።

ወራት ቆይቶ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ተሳሳምንና ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኋት።

«ለምን ነገርሽኝ? ወንድምሽን ታስባርሪው ነበር እኮ።»

ሳቀች። «እትዬ፣ እርስዎ ካላገኙት አይወጡም ነበር። እኔ ደግሞ እንቅልፌ መጥቶ ነበር።»

እኔም ሳቄ መጣ። ልጁን ሳንቀሰቅሰው አብረን ማንጎ ልንገዛ ሄድን። እያንዳንዱን እያገላበጥኩ ሳሸት ሻጯ ተቆጣችኝ።